አፈር ያልነካው ገለባ

«ሲሊካው ምነው እንዲህ በዛ?» አሉ የሳይንስ ውድድሩ ዳኛ ዶክተር ሸዋገነት፣ ከላቦራቶሪ የመጣውን የምርመራ ውጤት በእስክሪብቶ እየነኩ። «ሲሊካ እኮ ስንዴ ከአፈር የሚስበው ነው። እናንተ ያበቀላችሁት በውሃ ብቻ ነው። ታዲያ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?»

በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ መልሱን የምታውቀው ወንጌላዊት ብቻ ነበረች።

ሐሳቡ የጓደኛዋ የፅዮን ነው። ጠፈር ላይ ስንዴ ቢበቅል ገለባው አይጣልም፤ ውስጡ የቀረው ንጥረ ነገር ተለክቶ ለሚቀጥለው ስንዴ ምግብ መሆን አለበት። ፅዮን ከመስከረም ጀምሮ በመብራት ሥር ስንዴዋን እንደ ሕፃን ስትንከባከብ ከረመች። የወንጌላዊት ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ በገና እረፍት ገለባውን በከረጢት ይዛ ኮሶዬ፣ አባቷ ቤት ወስዳ ማድረቅ።

አባቷ አያ አለነ ግን ከረጢቱን ከፍተው አዩና ለወለደችው ላም ሰጧት። ወንጌላዊት ስትጮህ ግራ ገባቸው። «ሸጋ ገለባ ነው። ምነው፣ ላም እያለች ገለባ ለፀሐይ ይሰጣል እንዴ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ኮሶዬ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማን ሰምቶ ያውቃል? እሷም አልቅሳ ሲወጣላት ከአውድማው ክምር አፍሳ ከረጢቱን ሞላች። ገለባ ያው ገለባ ነው ብላ ራሷን አታለለች።

«የእኔ ጥፋት ይሆናል» አለች ፅዮን። «የቧንቧ ውሃ የጠፋ ሳምንት ከጉድጓድ ቀድቼ ነበር።»

ዶክተር ሸዋገነት አንገታቸውን ነቀነቁ። «ያሳዝናል። አዲስ አበባ ለሚላክ ሥራ ይሄ ትልቅ ግድፈት ነው» ብለው ብዕራቸውን ወደ ነጥብ መስጫው አወረዱ።

ወንጌላዊት ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ላሟ እንደሆነች አትመሰክር! ፅዮን ግን ከጠረጴዛው ሥር እጇን ያዝ አደረገቻትና «አይዞሽ ባክሽ፣ አንቺን አይነካሽም» አለቻት በሹክሹክታ።

ወንጌላዊት ፊቷ በሀፍረት ጋለ። ብትሰደብ ይሻላት ነበር።

«ዶክተር፣ እባክዎ አይጻፉ» አለች። «ውሃው ምንም የለበትም። ገለባው የእኛ ስንዴ አይደለም። እኔ ነኝ የቀየርኩት።»

ፅዮን እጇን ቀስ ብላ ከጓደኛዋ እጅ አወጣች። ወንጌላዊት ዞራ ልታያት ፈራች፤ ነገር ግን ከገና እረፍት ጀምራ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።