የጓሮው እርጥብ ጥግ

«ግፊው እንጂ እመቤት! በትከሻሽ!»

እመቤት ትንፋሿን ይዛ ገፋች። በሩ ከመቃኑ ጋር ተናክሶ አልዘጋ አለ። ከበሩ በላይ የጀመረው ስንጥቅ ግድግዳውን አቋርጦ እስከ ጓሮው ጥግ ወርዷል። ጣቷን ብትሰድበት እስከ አንጓዋ ገባ። ትንሹ ወንድሟ ተፈራ የሚተኛው ከውስጥ በኩል እዚያው ጥግ ሥር ነው።

«አባትሽ እንደሆን በመኪናው አሰብ ከወረደ ወር አለፈው» አለች እናቷ ፈለቀች። «እኔ ብቻዬን ምን አውቃለሁ?»

ለጥምቀት የትንሹ ተፈራ ክርስትና አባት አቶ ወርቁ ስንጥቁን በጭቃና በጭድ መርጎ፣ ኖራ ቀብቶ፣ «ሙሽራ አስመሰልኳት!» ብሎ ነበር። ሙሽራይቱ ግን ጾሙ ሳይፈታ እዚያው ቦታ ላይ ተሰነጠቀች።

ስለዚህ እናቷ የአበልጅን ቅያሜ ፈርታም ቢሆን ከአሊዩ አምባ የመጣውን ግንበኛ ጋሼ ቃሲምን አስጠራች። እሱም ከስምንት ቀን በፊት ስንጥቁ ይሰፋ እንደሆን ለማየት የአመድ ጭቃ አጋድሞ ለጥፎበት ሄደ። ዛሬ ተመልሶ ሲያየው ልጥፉ ለሁለት ተከፍሏል።

«ይኸው! ግድግዳው አላረፈም፣ ገና እየሄደ ነው። ሺህ ጊዜ ቢመረግ ከንቱ ነው እህቴ። በሽታው ከሥር ነው።»

ጓሮ ዞሮ መሠረቱን ተከትሎ በዲጂኖ ቆፈረ። ሌላው ቦታ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ጥጉ ጋ ግን ዲጂኖው ጥቁር ጭቃ ይዞ ወጣ።

«ወላሂ፣ በዚህ ሐሩር ይህ እርጥበት ከየት መጣ? ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል፤ መሠረቱንም ይዞት ይሄዳል። እዚህ ውሃ ትደፋላችሁ?»

«ኧረ በፍጹም! ልጄ እያለች! እጣቢውን እስከ ቦዩ ድረስ ተሸክማ ነው የምትደፋው።»

እመቤት መሬት መሬቱን አየች። ቦዩ ያለው ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነው። ሳፋ ይዛ ባለፈች ቁጥር የክፍሏ ልጆች «እሜቴ አጣቢ! የእኛን ካልሲ ረሳሽው!» እያሉ ይስቁባታል። ከመስከረም ጀምሮ እጣቢውን የምትደፋው እዚህ ጥግ ነበር።

«እንግዲያው ምንጭ ነው» አለ ጋሼ ቃሲም። «የተደፋ ውሃ ቢሆን ጥጉን ቆፍሬ፣ አድርቄ፣ በድንጋይ ባነሳሁት። ምንጭ ከሆነ ግን እጄን አላስገባም። ቤቱ ፈርሶ ሌላ ቦታ ይሠራ።»

እናቷ ደጃፉ ላይ ዘጭ አለች። «ፈርሶ? ክረምት ሊገባ? ልጆቼን የት ላግባቸው?»

ጋሼ ቃሲም «አላህ ያግዝሽ» ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። እናቷ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

«በይ ሂጂ፣ አቶ ወርቁን ጥሪልኝ። ይምረገው፤ የቀረውን እግዜር ያውቃል።»

«እማዬ...»

«ሂጂ አልኩሽ!»

እመቤት ወጣች። የአቶ ወርቁ ቤት በግራ በኩል ነው። በቀኝ በኩል ጋሼ ቃሲም ዲጂኖውን ተሸክሞ ወደ አስፋልቱ እየራቀ ነው። ከኋላዋ እናቷ የተፈራን ፍራሽ ከጥጉ ስትጎትት ተሰማት። ፍራሹን የሚያርቁበት ቦታ ግን አልነበረም፤ ክፍሉ አንድ ነው።

እግሮቿ ወደ ቀኝ ሮጡ።

«ጋሼ ቃሲም! ይቁሙ!»

ዞር አለ። «ምነው ልጄ?»

ሮጣ አጠገቡ ደረሰች።

«ይመለሱ» አለች። «እናቴም ባለችበት የምነግርዎ አለኝ።»