ጎሏ ዋፋ ስልክ ውስጥ ናት

የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ዋፋ ስልኳን የያዘችበት ክንዷ ዝሎ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አንዋር መስጊድ አካባቢ ባለው የእናቷ ሱቅ የብርድ ልብስ እስር ስታወርድና ስትደረድር ነው ያረፈደችው። ከሰዓት በስንት ልመና አስፈቅዳ ወጥታ የሰፈሩን የእግር ኳስ ፍጻሜ ከዳር እስከ ዳር ቀረጸችው፤ ኢምራን ከመሀል ሜዳ መትቶ ያገባትን የመጨረሻዋን ጎል ጭምር።

ጣጣው የመጣው በዚህች ጎል ነው። ኳሷ ገና አየር ላይ እያለች ተመልካቹ ግር ብሎ ተነስቶ የሶፊ ካሜራ ፊት ተገተረ። የሶፊ ቪዲዮ ላይ የቀረው የሰው ጀርባ ብቻ ነው።

ሶፊ አምና አስራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰች የሰፈሩ ልጅ ናት። ውድድሩን ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ፣ ዝናብ ጭቃ ሳትል፣ በነጻ ስትቀርጽ ከርማለች። በምላሹ የውድድሩ ኮሚቴ የፍጻሜውን ቪዲዮ ለማስታወቂያ የመሸጥ ፈቃድ ለእሷ ብቻ ሰጣት። ጨዋታው ሳይጀመርም በድምጽ ማጉያ ተነግሯል፤ ተመልካች ለራሱ ማስታወሻ ይቅረጽ፣ ለንግድ የሚቀርጸው ግን ፈቃድ ያለው ብቻ ነው ተብሎ። ዋፋም በሁለት ጆሮዋ ሰምታለች።

ሲኒማ ራስ ጋ ጫማ የሚሸጠው ጋሼ ዛኪር ግን ነገሩን ከቁም ነገርም አልቆጠረው። ቪዲዮውን ለሱቁ ማስታወቂያ ሊገዛ ከሶፊ ጋር ሲነጋገር ቆይቶ ጎሏ እንደሌለቻት ሲያውቅ ዋፋን ጠጋ አላት።

«ጎሏ አንቺ ጋ አለች አሉ። ላኪልኝና ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ሱቅ እየመጣሽ ጫማ ትቀርጫለሽ። የሱቄን ቲክቶክ እንዳለ ላንቺ እተወዋለሁ።»

የዋፋ ልብ ዘለለ። ቅዳሜ ያለ እስር፣ ያለ አቧራ! ሱቅ ስደርስ እልክልዎታለሁ ብላው ሄደች።

ለእናቷ ለእትዬ ካሚላ ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ ደክሟት ካርቶን ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እንቢም እሺም አላለችም። አንቺው ታውቂያለሽ ብቻ አለቻት።

ወዲያው አንድ ሰውዬ ጎረቤታቸው ጋሼ ኪዳነወልድ ደጅ ቆሞ ዋጋ መጠየቅ ጀመረ። ዓይኑ ግን እነ ዋፋ ሱቅ የተሰቀለው ሰማያዊ ብርድ ልብስ ላይ ነበር። እነሱ ሱቅ ከሰዓት አንድም ነገር አልተሸጠም። «ግቡ» ብትለው ሰተት ብሎ ይገባ ነበር። እናቷ ግን እንዳላየች ሆነች። እዚህ መደዳ ሰው በጎረቤት ደጅ ቆሞ እየተነጋገረ በዓይን እንኳ አይጠራም፤ ጨርሶ፣ ተሰናብቶ፣ በራሱ እግር ሲመጣ ነው ደንበኛ የሚሆነው። ሰውዬው ከጋሼ ኪዳነወልድ ገዝቶ ሄደ።

ዋፋ በእናቷ ተናደደች። ትንሽ ቆይቶ ግን ጋሼ ዛኪር ትዝ አላት። እሱም ቢሆን ከሶፊ ጋር ንግግሩን ገና አልጨረሰም።

ስልኳን አወጣችና ቪዲዮውን ላከች። የላከችው ለሶፊ ነው። «ጎሏን ካንቺው ቪዲዮ ጋር አያይዣት» ብላ ጻፈችላት።

ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ዛኪር ደወለ። ምነው ጠፋሽ አላት።

«ጎሏ ሶፊ ጋ ናት፣ ጋሼ። ከእሷ ጋር ይጨርሱ።»

«እሷማ ሥራዋ ነው፣ ትሸጣለች። አንቺ ምን አገኘሽበት?»



«እኔ እንጃ። ደክሞኛል፣ ጋሼ። ለሶፊ ግን ዛሬውኑ ይደውሉላት።»

ስልኩን ዘግታ እናቷ አጠገብ ቁጭ አለች። ማልቀስ አምሯት ነበር፤ ለእሱም አቅም አጣች።