ውሃ ወይስ ፋን

«ውሃ ወይስ ፋን? መቅዲ፣ ሰውዬው እያየኝ ነው፤ ቶሎ በይ እንጂ!»

መቅደላዊት ስልኩን ከቀኝ ጆሮዋ ወደ ግራው አዞረችው፤ ግራው የተሻለ የሚያውቅ ይመስል። የአክስቷ ልጅ አካለ ወልድ የሚደውለው አዲስ አበባ ካለ የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ ነው፤ ለኮምፒውተራቸው ማቀዝቀዣ ሊገዛ ገብቷል። ነገ ጠዋት ተሳፍሮ ወደ ማርቆስ ይመጣል። ዛሬ ያልተገዛ ነገር ደግሞ እስከ ፋሲካ አይገዛም፤ ከዚያ በፊት ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ የላቸውማ።

«አኬ፣ አንዴ ብቻ... የውሃው ድምፅ የለውም አይደል?»

«ሰውዬው ብዙም የለውም ይላል። ግን ፋን አለው።»

«የቱ? የውሃው?»

«አዎ። እንዲያውም ሁለት ፋን ነው ያለው።»

«ታዲያ ምኑ ነው ውሃ የሆነው?!»

«እኔ የሕግ ተማሪ ነኝ፣ ምን አውቅልሻለሁ! ሱቁ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ከወንድምሽ ጋር ተማከሩና ደውሉ።» ጆሮዋ ላይ ዘጋባት።

ሰዓቱን አየች። አሥር ሰዓት።

ኮምፒውተሩ የእሷና የታላቅ ወንድሟ የኃይለ ሚካኤል ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ ፎቶ ኮፒ ቤት እየሠሩ፣ ዛሬ አንዱን ዕቃ ነገ ሌላውን እያሉ የገጣጠሙት የጌም ኮምፒውተር ነው። ግን ጌም በተከፈተ በአሥር ደቂቃው ይግላል። ዘጠና አምስት ዲግሪ ይልና ድርግም! ያውም በማርቆስ ብርድ! እሷ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባ ትንቀጠቀጣለች፣ እሱ እዚያ ሳጥኑ ውስጥ እንደ ምድጃ ይፋጃል። አሮጌው ፋን ደግሞ እንደ ወፍጮ ያጓራል።

መጋሉ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አባታቸው የቅኔ መምህር ናቸው። ከሰዓት በኋላ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሆኑ፣ ተማሪዎቻቸው ግቢው ውስጥ በየዛፉ ሥር ተበትነው ቅኔ ይቆጥራሉ፤ ማታ ለየኔታ የሚያቀርቡትን ግጥም ዝም ብለው በልባቸው ይሠራሉ ማለት ነው። ማክሰኞ ማታ ግን አንዱም የሚያቀርበው አልነበረውም። አባቷ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ኃይለ ሚካኤል ጌሙን እንደገና እየከፈተ ነበር።

«ልጆቹ ቅኔ መቁጠር አልቻሉም» አሉ። ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። «እስከ ቅዳሜ መላ ካልፈለጋችሁለት ይህ ዕቃ ከዚህ ግቢ ይወጣል።»

እሳቸው ሲሄዱ ሁለቱም ዞረው ሳጥኑን አዩት። ፋኑ ያጓራል።

«እሱ ነው» አለች መቅደላዊት። ያኔ እርግጠኛ ነበረች። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ስለ ምንም ነገር እርግጠኛ አይደለችም።

«ውሃውን በይው በቃ!» አለ ኃይለ ሚካኤል። «ሰማያዊ መብራት አለው እኮ።»

«ቢያፈስስ?»

«ለምን ያፈሳል?»

«ቢያፈስስ ነው ያልኩህ። ቦርዱ ላይ ጠብ ካለ አለቀለት። ማርቆስ ውስጥ ማን ይሠራዋል?»

«አንቺ አይደለሽ ድምፁ ነው ያልሽው? አሁን ፋንን በፋን ቀይረን ቅዳሜ አባባን ምን ልንላቸው ነው? አዲሱ ትንሽ ቀስ ብሎ ነው የሚያጓራው?»

እሱም እውነቱን ነው። ችግሩ ሁሉም ሰው እውነቱን መሆኑ ነው። ግራ ሲገባት ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጋሼ የሺዋስ ጋ ደወለች። የእናታቸው ወንድም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ።

«ጋሼ፣ ሞተር ሲግል የሚሻለው ውሃ ነው ነፋስ?»

«አይ ልጄ! ጥያቄሽ እንዴት ሰዓቱን ጠብቆ መጣ! አሁን እኮ ዓባይን ወጥቼ ደጀን ላይ እያበረድኩት ነው።»

«ስለዚህ ውሃ?»

«ውሃ ነዋ! ያለ ውሃ ያንን ዳገት ማን ይወጣዋል?»

ኃይለ ሚካኤል ጡጫውን ወደ ላይ አነሳ።

«ግን» አሉ ጋሼ፣ «ውሃ ያለበት ነገር አንድ ቀን ማፍሰሱ አይቀርም። ለምን የቆምኩ ይመስልሻል? የውሃው ጎማ ተሰንጥቆብኝ! ቮልስን እይ እስቲ። ውሃ የሚባል ሳያውቅ በነፋስ ብቻ ስንት ዘመን ሄደ!»

ጡጫው ወረደ።

«ስለዚህ ነፋስ?»

«ቮልስ ደግሞ ጆሮ ያደነቁራል። ለመሆኑ መኪና ልትገዙ ነው እንዴ?»

አመሰግናለሁ ብላ ዘጋችው። ከመደወሏ በፊት ግማሹ ነበር የጠፋባት፣ አሁን ሁሉም ጠፋባት።

«እሺ፣ አንተ ጌሙን ክፈተው» አለችው ወንድሟን። «እኔ ውጪ ሆኜ የት ድረስ እንደሚሰማ ልስማ።»

ወጣች። በረንዳው ላይ ይሰማል። ውሃ መቅጃው ጋ ይሰማል፣ ቀጠን ብሎ። ወይራው ሥር ስትደርስ ዲያቆን ወልደ ገብርኤል ነጠላውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ከይጁቤ የመጣ ተማሪ ነው፤ እሷን በሁለት ዓመት ቢበልጣት ነው።

«ይቅርታ፣ እየቆጠርክ ነው?»

«ጨረስኩ። ዛሬ ቀንቶኛል።»

«ፋኑ አልረበሸህም?»

«የቱ ነው ፋኑ?»

«ይሄ፤ ኡኡኡ የሚለው።»

ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ። «እ፣ እሱን ነው! እኔ እኮ ያደግሁት ወፍጮ ቤት አጠገብ ነው። እንዲያውም ልቤን ይሰበስብልኛል።»

መቅደላዊት ጠጋ አለችው። «ታዲያ ማክሰኞ ምን ሆናችሁ?»

ነጠላውን ወደ አፉ ሳበው። እየሳቀ ነው። «ልንገርሽ? አትቀየሚኝም?»

«አልቀየምም።»

«የጀመርኳት ቅኔ ጉባኤ ቃና ነበረች፤ ሁለት ቤት ብቻ ናት። አንደኛዋን ጨረስኩ። ሁለተኛዋን ልቋጫት ስል ‹ግደለው! ግደለው እንጂ አንተ ደደብ!› የሚል ድምፅ መጣ። ጠፋብኝ። እንደገና ጀመርኩ። አሁንም ልጨርስ ስል ‹ከኋላህ! ከኋላህ!› እውነት ሰው ያለ መስሎኝ ዞርኩ።»

የመቅደላዊት ፊት ጋለ። ዘጠና አምስት ዲግሪ ሳይገባ አይቀርም። እሷ እኮ አትጫወትም! ወንበር ስባ ወንድሟን ታግዛለች፣ ትንሽ... ትመክራለች። ድምፅዋ እንደዚህ ወይራው ድረስ የሚሰማ አይመስላትም ነበር።

«አባባ ያውቃሉ?»

«የኔታ ሲጠይቁን ‹የዕቃው ድምፅ ነው› አልናቸው። የመምህሩ ልጅ እንዴት ትከሰሳለች?»

ወደ ቤት ተመለሰች። ዲያቆናቱ ለእሷ ሲሉ ዋሹ። እሷ ደግሞ ጥፋቱን በፋን ላይ ላከከች። በሌላ በኩል፣ ዝም ብትል ማን ያውቃል? ውሃው ይገዛል፣ ወንድሟ ሰማያዊ መብራቱን ያገኛል፣ እሷ ከነገ ጀምሮ አፏን ትዘጋለች። አባባም ዕቃው ዝም አለ ይላሉ። ሁሉም ደስ ይለዋል። ጥሩ ነው አይደል? ጥሩ ከሆነ ለምን ቅር አላት? ብትናገርስ? አባባ ኮምፒውተሩን ጭራሽ ቢያስወጡት?

«እ? ይሰማል?» አለ ኃይለ ሚካኤል።

መልስ ሳትሰጠው ስልኩ ጮኸ።

«መቅዲ፣ ሰውዬው በሩን እየዘጋ ነው። ውሃ ወይስ ፋን?»

«ፋን» አለች። «ትልቁን ፋን አምጣልን።»

«የመጨረሻ?»

«የመጨረሻ።»

ኃይለ ሚካኤል ከወንበሩ ተነሳ። «አበድሽ? ቅዳሜ አባባ...»

«የረበሻቸው ፋኑ አይደለም።»

«ማነው ታዲያ?»

«እኔ። ስጮህ።»

አፉን ከፍቶ አያት፣ ከዚያ በሳቅ ፈረሰ። «እኔ ስንቴ ቀስ በይ ብዬሻለሁ!»

«አላልክም።»

«እየጮህሽ እንዴት ትሰሚኛለሽ!»

መሳቅ ፈልጋ አልመጣላትም። የግቢው በር ሲጥ ሲል ሰሙ። አባባ ገቡ።

«ተያት እሷን ነገር» አለ ኃይለ ሚካኤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሳቁ ጠፍቷል። «ፋኑ ነበር፣ ቀየርነው እንላለን። እኔ አልናገርም። እውነቱን ከሰሙ ጭራሽ አውጡት ቢሉስ?»

«እኔ እንጃ» አለች መቅደላዊት። እውነቷን ነው፤ ምን እንደሚሉ ጨርሶ አታውቅም። ግን ወጣች።

አባቷ በረንዳው ላይ ጃንጥላቸውን እያጠፉ ነበር።

«አባባ፣ ቅዳሜን አይጠብቁ» አለች። «የማክሰኞውን አሁን ልንገርዎት።»

አዩዋት። ጃንጥላውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው መደቡ ላይ ተቀመጡና ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላት። እሷ ግን አልተቀመጠችም። እንደቆመች ጀመረች፣ በጣም ቀስ ብላ።