በቆመ በር ላይ የተኛ ውሃ

ጋሽ ደጋጋ የሞቱት በገዛ እጃቸው የሠሩት የብረት ሰው ወድቆባቸው ነው። የብረቱ ሰው በጀርባው በር ተሸክሟል። ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል ነው፤ ክብደቱ ደግሞ ያነሱት ሰዎች እንደሚምሉት የአንድ ሚኒባስ ያህል ነው፣ ከነረዳቱ። ስምንት የቀን ሠራተኞች ከወደ አጥሩ መጥተው መልሰው ካቆሙት በኋላ ነው ሬሳው የወጣው።

ኢንስፔክተር ፋኢዛ ስትደርስ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። ካዛንቺስ ግራ ቀኙ ፈርሶ የጋሽ ደጋጋ ወርክሾፕ ብቻ በቆርቆሮ ታጥሮ ቀርቷል። ስለ ፋኢዛ ቂርቆስ ውስጥ ብዙ ይወራል። አንድ የጎማ ሌባ ዓይኗን ለሁለት ደቂቃ ካየ በኋላ የሰረቃቸውን አራት ጎማዎች ከመስቀል አደባባይ እስከ ጣቢያው ራሱ እያንከባለለ አምጥቶላታል ይባላል። የተሰረቁት ግን ሁለት ነበሩ። ሁለቱን ከድንጋጤ ብዛት ገዝቶ ጨመረበት።

የጋሽ ደጋጋ በያጅ ጃዋር በካቴና ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ብረቱን ከወለሉ ከሚያስሩት አራት ብሎኖች ሁለቱ የሉም» አለ የያዘው ፖሊስ። «ሳያስረው ትቶት ሄደ። የሰው ነፍስ ጠፋበት፤ ከእንግዲህ ዓመታት ይቆጥራል።»

«ጥርሳቸው ተበልቶ ነው» አለ ጃዋር። «ሌላ ልገዛ ሰንጋ ተራ ሄድኩ። ማንም እንዳይነካው ብዬ ነው የወጣሁት። ኢንስፔክተር፣ ሚስቴ ልትወልድ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። ልጄ የጋሽ ገዳይ ልጅ ተብሎ አይወለድ።»

«ስትወጣ ሥራው የት ደርሶ ነበር?»

«ፊት ለፊቱን ጨርሰው ነበር። ኮምጣጤ፣ ጨውና የቁስል ማጠቢያ ቀላቅለው ይረጩታል፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የሃምሳ ዓመት ዝገት ይወጣል።»

«በሩስ?»

«በሩ ነጭ ብረት ነበር፤ ፊት ያሳያል። አባዲ አጠገቡ ቆሞ ቦምቦሊኖ ይበላ ነበር።»

አባዲ ለጋሽ ደጋጋ ደንበኛ የሚያመጣ ሸሪካቸው ነው። የብረቱን ሰው ለአንድ ሆቴል ያሻሻጠውም እሱ ነው። ወፍራም የብር ቀለበቱን እያሽከረከረ ቆሞ ነበር።

«ማለቴ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ» አለ። «አራት ሰዓት ለገሃር ነበርኩ፣ ሰው አለኝ፣ ይጠይቁ። ስወጣ ብረቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጋሽ በሩን እየረጩ ነበር። በቃ፣ የማውቀው ይሄን ነው።»

የጋሽ ደጋጋ ባለቤት እትዬ ሸዋዬ ምሳ ይዘው መጥተው ነው ሬሳውን ያገኙት። ሳህኑን እስካሁን አላስቀመጡትም።

«ልጄ፣ በሩ ዝጓል» አሉ ፋኢዛን።

«መዛግ አልነበረበትም?»

«አላዝገውም ብሎ ነበር። ቤታችን በፈረሰ ማግስት ሆቴሎቹ መጥተው የድሮውን ካዛንቺስ በዝገት ሥራልን አሉት። ሰውየውን አዝገዋለሁ፣ በሩን ግን አልነካውም አለኝ፣ ዛሬ ጠዋት ሲወጣ። ‹የኛ በር ዝጎ አያውቅም። በየዓመቱ ቀለም የምቀባው ለምን ነበር?› አለኝ።»

ፋኢዛ የብረቱን ሰው ዞረችው። ፊቱ ላይ ዝገቱ ከግንባሩ ወደ አገጩ፣ ከአገጩ ወደ ደረቱ እየተንጠባጠበ ወርዷል። ወደ ጀርባው ስትዞር ግን አንድም የወረደ መስመር የለም። በሩ ላይ ያለው ከሳህን የሚሰፉ፣ ጫፋቸው የጠቆረ ክብ ክብ እድፍ ብቻ ነው። መሃል ላይ ደግሞ ዝገት ያልነካው የሚያበራ ቦታ አለ። ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው።

«ሁላችሁም ኑ» አለች።

ሦስቱም መጡ፤ ጃዋርን ፖሊሱ እየደገፈው።

«ቆሞ የሚረጭ ብረት ላይ ውሃው ምን ይሆናል?» ብላ ጃዋርን ጠየቀችው።

«ይወርዳል።»

«ፊቱ ላይ ወርዷል። በሩ ላይ ግን ኩሬ ሠርቶ ተኝቶ ነው የደረቀው። በሩ ሲረጭ ጣሪያውን እያየ ነበር ማለት ነው፤ ብረቱ በፊቱ ወድቆ ነበር። ከሥሩ ደግሞ ጋሽ ደጋጋ አሉ። ስለዚህ በሩን የረጩት እሳቸው አይደሉም። አባዲ፣ ቆሞ ሲረጩት አየሁ ያልከው አንተ ብቻ ነህ።»

«ተሳስቼ ይሆናላ፣ ማለቴ...»

«ቅባት የነካው ብረት አይዝግም። ከመረጨቱ በፊት አንድ ሰው በቅባት እጁ በሩን ገፍቶታል። መዳፉ ይሄውና ያበራል፤ አምስት ጣት፣ አንዱ ጣት ላይ ወፍራም ቀለበት። ጃዋር ቀለበት የለውም። እትዬ ሸዋዬ፣ እጅዎን ያሳዩኝ። የእርስዎ መዳፍ ግማሹን አይሸፍነውም። ቦምቦሊኖ የበላው ደግሞ አንድ ሰው ነው። ዝገቱ እስኪወጣ አልጠበቅክም እንጂ መዳፍህን ራስህ ታየው ነበር።»

አባዲ ቀለበቱን ማሽከርከር ተወ።

«ልገድላቸው አልነበረም» አለ። «ዘጠኝ ሰዓት የሆቴሉ ሰዎች ሊረከቡ ይመጣሉ፣ በሩ ነጭ ከሆነ አይወስዱትም አልኳቸው። ሳቁብኝ። የብረቱ ሰው እግር ሥር ተቀምጠው ዝም ብለው ይስቃሉ። ከኋላ ገፋሁት።»

«አጥሩ ጋ ስምንት ሰው ነበር። ለምን አልተጣራህም?»

«ይመጣሉ፣ ያዩኛል። ደግሞ ርክክቡ... በቃ፣ መርጫውን አነሳሁ።»

ሳህኑ ከእትዬ ሸዋዬ እጅ አልወደቀም። ይልቅ አጥብቀው ያዙት። ፋኢዛ የጃዋርን ካቴና ፈትታ አባዲ እጅ ላይ አደረገችው። ጃዋር እጆቹን አላሻቸውም፤ እንደታሰሩ ሁሉ አጋጥሞ ያዛቸው።

«ጋሽ ዝም ብለው ነበር?» ብሎ አባዲን ጠየቀው።

«በደከመ ድምፅ አንተን ይጠሩ ነበር።»

«እስከ መቼ?»

አባዲ መሬት መሬት አየ።

«በሩን እስክጨርስ ድረስ» አለ።