የሚያወርዳት ሰው

«ዊልቸሩ ይታጠፋል ወይስ አይታጠፍም?» አለ ሹፌሩ በስልክ።

«አይታጠፍም» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ለማወፈር እየታገለች። ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ካለው ደረጃ ሥር ተሸጉጣለች። ጓደኛዋ ሬዲዮ ከላይ ቆማ መምህር እንዳይመጣ ትጠብቃለች። ሬዲዮ የሚለው ስም የወጣላት ወሬ ስለማታቋርጥ ነው፤ ዛሬ ግን ለጓደኛዋ ስትል አፏን ዘግታለች።

«በሽተኛዋ ምንዎት ናቸው?»

ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እውነቱን ብትናገር ሰውየው «ትልቅ ሰው አቅርቢልኝ» ብሎ እንደሚዘጋባት ታውቃለች። ሁለት ቦታ ደውላ የደረሰባት ይኸው ነው።

«እህቴ ናት» አለች።

«እሺ። ስንተኛ ፎቅ ናችሁ?»

«ሦስተኛ።»

«አሳንሰር አለው?»

አሳንሰሩ ከተበላሸ ቆይቷል። የሕንፃው ጥበቃ መጥረጊያና ባልዲ ያስቀምጥበታል። «የለውም» አለች።

«እንግዲያው እንስማማ። መኪናዬ መወጣጫ አለው፤ ከመንገዱ ጀምሮ እስከ ሐኪሙ በር ድረስ ያለው የኔ ሥራ ነው። ደረጃው ግን የናንተ ነው። የሚያወርዳቸው ስንት ወንድ አለ?»

«ሁለት።»

«ጠንካሮች ናቸው?»

«በጣም» አለች ልጅቷ፤ ከዚያ ቀንና ሰዓቱን ተስማምተው ስልኩ ተዘጋ።

ሬዲዮ የታፈነ ሳቋን ለቀቀችው። «አቦ አንቺ! የዳይሬክተሯን ድምፅ እኮ ነው ቁጭ ያደረግሽው። ፈራሁሽ።» ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ «ሁለት ወንድ ያልሽው ግን ማንና ማን ነው?» አለቻት።

«አጎቴ አለ።»

«እሱ አንድ ነው።»

«ሹፌሩ ራሱ እዚያ ከደረሰ ቆሞ አያይም፤ ይይዛል።»

 ደወል ተደውሎ ወደ ክፍል ገቡ።

እናቷ ጸጉር ሠሪ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትሠራ ውላ ማታ እግሯን ትዘፈዝፍ ነበር። መጀመሪያ የእግር ጣቶቿ ደነዘዙ፤ ከዚያ ጉልበቷ ይከዳት ጀመር። በመጨረሻ አንድ ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጣ ጸጉር እየቆረጠች እያለ ተዝለፍልፋ ወደቀች፤ ከዚያ በኋላ በእግሯ አልቆመችም። ችግሩ ያለው የጀርባ አጥንት ውስጥ ባለው ነርቭ ላይ ነው ተባለ። ያንን የሚያየው ስፔሻሊስት በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው ወደ ሆስፒታሉ የሚመጣው። ተራ የተያዘላት ትምህርት ሳይከፈት ነበር።

ተራው ሲደርስ መሄጃው ቸገረ። ልጅቷ አምቡላንስ ጋ ስትደውል «ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው? አይደለም? እንግዲያው መስመሩን ልቀቂ» ተባለች። ታክሲዎቹ ወንበሩን ከሩቅ ሲያዩ ነዳጅ ሰጥተው ያልፋሉ። በግል ከፍሎ በሽተኛ የሚያመላልስ መኪና እንዳለ የነገረቻት ሬዲዮ ነች። ለቀብዱ እናትየው ጸጉር ማድረቂያ ካስኳን ሸጠች። ገዢዎቹ ካስኩን ሲያወጡ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር፤ «ከእንግዲህ ለማን ላደርቅበት ነው?» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም።

ከቀጠሮው በፊት በነበረው ቀን ግን ሌላ ሰው መሰለች። ልጅቷን ከኋላዋ አቁማ ጸጉሯን አሠራች። «ጠበቅ አድርጊው! እንዲህ ላላ ብሎ ደንበኛዬ ብታየው ኖሮ ገንዘቤን መልሺ ትለኝ ነበር» እያለች ትቀልዳለች። «ሐኪሙ እግሬን ማየት ትቶ ጸጉሬን እንዲያይ ነው የምፈልገው።»

አጎትየው ደወለ። የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ እስካሁን በደረጃው ሲያወጣና ሲያወርዳት የኖረው እሱ ነው።

«እህቴ፣ እኔ እያለሁ ምን ያሳስብሻል? በጠዋት ከች ነው።»

«ሥራህ አይበደልም?»

«ሥራ ይቆያል። አንቺ ብቻ ተዘጋጂ።»

ስልኩ ሲዘጋ ልጅቷ «እማ፣ ለማንኛውም ለፊት ለፊቷ ጎረቤት ልንገራት? ባሏ ጠንካራ ነው፤ ቢያግዘን...» አለች።

እናትየው ፈገግታዋ ጠፋ። በዚያ ፎቅ ያሉት ሴቶች ሁሉ ደንበኞቿ ነበሩ። ከታመመች ወዲህ በሩ ሲንኳኳ «ተኝታለች በያቸው» ትላለች እንጂ አታስገባቸውም። «የሰው ፊት እሳት ነው፣ ልጄ» አለች። «ወንድሜ አለልኝ። ሌላ ሰው እንዳታስቸግሪ።»

ጠዋት ሹፌሩ ከሰዓቱ ቀድሞ መጣ። መነጽር ያደረገ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሦስቱን ፎቅ ወጥቶ ትንፋሹ እየተቆራረጠ «በስልክ ያነጋገርኳት እህታቸውስ?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ።

ለአፍታ አያት። እናትየውም አየቻት። ሹፌሩ «ሁለቱ ወንዶችስ?» ሲል ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ይልቅ ድካም ነበረበት።

«አጎቴ እየመጣ ነው።»

ደወለችለት። «ድልድዩ ጋ ደርሻለሁ» አላት። እናትየው ዊልቸሩ ላይ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ፣ የሕክምና ወረቀቶቿን ጭኗ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ልጅቷ እንደገና ደወለች። «ታጠፍኩ እኮ፣ ታጠፍኩ! አሁን አታይኝም?» ልጅቷ መስኮቱን ከፍታ ወደ ታች አየች። ከሹፌሩ መኪና ሌላ መንገዱ ላይ የቆመ ነገር የለም። ለሦስተኛ ጊዜ ስትደውል ስልኩ ጠፍቷል።

ሹፌሩ ሰዓቱን አየ። «ከእናንተ ቀጥሎ ኩላሊቷን የምትታጠብ ሴትዮ አለችብኝ። እሷን ማስቀረት አልችልም።»

«እኔና አንተ እንያዛት» አለች ልጅቷ። «እኔ እችላለሁ። በእውነት እችላለሁ።»

«እህቴ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ብሎ ወደ እናትየው ዞረ።

«እንሞክር» አለች እናትየው።

ሹፌሩ ከኋላ፣ ልጅቷ ከፊት ሆነው ወንበሩን አነሱት። መተላለፊያውን አልፈው ደረጃው አፍ ላይ ደረሱ። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ክብደቱ ሁሉ ወደ ልጅቷ መጣ። አንዱ ጎማ ከጠርዙ ተንሸራተተና ወንበሩ ወደ ጎን ዘመመ። እናትየው አልጮኸችም። በሁለት እጇ የደረጃውን ብረት አንቃ ያዘች፤ ወረቀቶቹ ከጭኗ ወድቀው ደረጃው ላይ ተበተኑ። ሹፌሩ ጥርሱን ነክሶ ወንበሩን ወደ ኋላ ጎትቶ አስተካከለው። እናትየው ግን ብረቱን አልለቀቀችም። ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቀችላት ልጅቷ ነች።

«በቃ» አለ ሹፌሩ ላቡን እየጠረገ። «ቢወድቁ ኖሮ ለአንቺም ለኔም ዕድሜ ልክ የማይለቅ ነገር ነበር።» ወረቀቶቹን ለቅሞ ለእናትየው በአክብሮት ሰጣት። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ «ቀብዱ አይመለስም። የድርጅቱ ሕግ ነው እንጂ የኔ አይደለም» አለና ወረደ። የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ እናትና ልጅ መተላለፊያው ላይ ቆዩ።

እናቷን አልጋ ላይ ካስተኛች በኋላ ልጅቷ ወደ አጎቷ ሄደች። አጎትየው ቁልፍ ቀራጭ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። መንገድ ላይ ሆና አደጋ ደርሶበት ቢሆንስ ብላ ፈርታ ነበር። ስትደርስ ግን ተቀምጦ ቁልፍ እየሞረደ አገኘችው። ሲያያት ሞረዱን አስቀመጠ።

«ታጠፍኩ አላልከኝም?» አለችው። «እማ እኮ ጫማዋን አድርጋ እየጠበቀችህ ነበር።»

አጎትየው ሸሚዙን ከፍ አደረገ። ከሥሩ ወገቡን ጥብቅ አድርጎ የያዘ ሰፊ ቀበቶ አለ፤ ሐኪም ያዘዘው ዓይነት።

«ባለፈው ሳወጣት ነው ወገቤ የተቆረጠው» አለ። «ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫማዬን እንኳ ጎንበስ ብዬ አላስርም።»

«ታዲያ ለምን አትነግረንም ነበር?»

«ዛሬ ይሻለኛል፣ ነገ ይሻለኛል እያልኩ። ጠዋት ልነሳ ብል ወገቤ እንቢ አለኝ። ስትደውዪ ደግሞ አልችልም የምትለዋ ቃል አፌ ላይ አልመጣ አለች።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እኔ እያለሁ ምን ያሳስብሻል ስላት ነው የኖርኩት። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። መንገድ ተዘጋበት በያት።»

ልጅቷ ልትቆጣው ፈልጋ ነበር። ግን ለሹፌሩ «ሁለት» ብላ የዋሸችው እሷ ነች። ዞራ ሄደች።

ቤት ስትገባ እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ትናንት የተሠራላትን ጸጉር ፈታዋለች።

«አገኘሽው?» አለች ሳትዞር። «መንገድ ተዘግቶበት ነው አይደል?»

መልሱ ተዘጋጅቶ ነው የቀረበላት። «አዎ» ብትል ይበቃ ነበር። ልጅቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እንዲያ ካለች ግን ነገም አጎቷን ሊጠብቁ ነው፤ ከነገ ወዲያም።

«አይደለም፣ እማ» አለች። «ወገቡ ተጎድቷል። ካሁን በኋላ ሊሸከምሽ አይችልም።»

«መቼ ነው የተጎዳው?»

«ባለፈው ሲያወጣሽ ነው» አለች ልጅቷ።  የእናትየው ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ልጅቷ እጇን ልታሳርፍባት ስትል «ተይኝ» አለቻት በቀስታ። «ወንድሜንም ሰበርኩት።» ከዚያ «ቀጠሮ ክፍል ደውዪና ስሜን ከተራው አስወጪ። ከእንግዲህ የትም አልሄድም። ሰው ማስቸገር በቃኝ» አለች።

ልጅቷ ስልኩን ይዛ ወደ መተላለፊያው ወጣች። ቀጠሮ ክፍል ያለችው ሴት ስፔሻሊስቱ የሚመለሰው ከአራት ወር በኋላ እንደሆነ ነገረቻትና «ልመዝግብልሽ ወይስ ይቅር?» አለቻት። እናቷ ያለችው ይቅር ነው። ልጅቷ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«መዝግቢልኝ» አለች።

ቀጥላ ሹፌሩ ጋ ደወለች። ድምፅዋን አላወፈረችም። «የጠዋቷ ልጅ ነኝ። ዋሽቼህ ነበር። የሚያወርድልን አንድም ሰው የለም። አጎቴም ታሟል። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም።»

ከሹፌሩ በኩል የመኪናው ሞተር ይሰማል። «መሸከሚያ ጨርቅ አለኝ» አለ፤ «አራት ሰው በአራት ማዕዘን የሚይዘው። ከወንበሩ ይልቅ እሱ ይሻላል። እኔ አንዱን ማዕዘን እይዛለሁ። ሦስት ሰው ግን ያስፈልጋል፤ ሦስት እውነተኛ ሰው። ካላገኘሽ አትደውዪልኝ። ዛሬ ያየሁትን ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።»

«እሺ» አለች።

ሦስት ሰው። ሬዲዮ ትመጣለች፤ ግን ሬዲዮ እንደ እሷው ቀጭን ናት። የመተላለፊያውን በሮች አየቻቸው። በሁሉም ውስጥ ያሉትን ሰዎች በስም ታውቃቸዋለች። በሁሉም ላይ «ተኝታለች» ብላ ዘግታባቸዋለች።

«የት ነሽ?» ስትል እናቷ ከውስጥ ተጣራች።

«እዚሁ ነኝ፣ እማ።»

በራቸውን ገርበብ አድርጋ ተወችው። ፊት ለፊት ካለው በር ላይ ቆማ የምትለውን በልቧ አዘጋጀች። እናቴ መራመድ አትችልም። የሚያወርድልን ሰው የለንም። ሌላ የሚጨመር ነገር ፈለገች፤ አጣች። ፊቷ ጋለ። እናቷ ብትሰማ ምን እንደምትል አሰበች፤ ከዚያ አንኳኳች።

ማንም አልከፈተም። እንደገና አንኳኳችና ጠበቀች። ከውስጥ ድምፅ የለም።

ወደሚቀጥለው በር ሄደች።