ሃያ ሰው፣ ሠላሳ ቀን

«ጨምሪ» አለ አባቷ ከፎጣው ሥር።

ጃለኔ ትንሿን ጠርሙስ እንደያዘች ቆማለች። አባቷ ፊቱን የፈላ ውኃ ባለበት ሳፋ ላይ ደፍቶ ከራሱ እስከ ትከሻው በፎጣ ተሸፋፍኗል። የባሕር ዛፉ ዘይት ሽታ ሳሎኑን ሞልቶ እሷን ራሷን ዓይኗን ያቃጥላታል። እሱስ እዚያ ውስጥ እንዴት ቻለው?

«አባኮ፣ አምስት ጠብታ ገብቷል እኮ! ይበቃሃል።»

«ጨምሪ ስልሽ! እነዚያ ሰዎች የዳኑት በአምስት ጠብታ አይደለም።»

እነዚያ ሰዎች! እነሱ በተነሱ ቁጥር ጃለኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትመርጣለች። የጠርሙሷን አፍ በአውራ ጣቷ ደፍና የምትጨምር መሰለች። ከፎጣው ሥር የአባቷ ትንፋሽ ሲር ሲር ይላል። ወዲያው ሳሉ ተነሳበት። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ብዙ ሳለና ፎጣውን ገፎ ቀና አለ። ዓይኑ ደም መስሏል፤ ከንፈሩ አመድ።

«አየሽ? እየሠራ ነው» አለ እያለከለከ። «ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኔ አይደል? ሰባት ቀን ቀረኝ።» ደግሞ ፈገግ አለላት። ከሳሉ ይልቅ ይቺ ፈገግታ ነች አንጀቷን የምትቆርጠው።

ከጀርባው፣ ከቀን መቁጠሪያው ጎን፣ ያ የተረገመ ፖስተር ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ወር በፊት፣ በትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ ነው። አምቦ መቼም ባሕር ዛፍ አይቸግራትም። ጃለኔና ጓደኛዋ ሂዳያ ቅጠሉን በጆንያ ሰበሰቡ፤ የኬሚስትሪው ቲቸር ሀብተሥላሴ ከአሮጌ ድስትና ከመዳብ ቱቦ ማጣሪያ ሠራላቸው፤ ዘይቱን ጠብ ጠብ እያደረጉ አወጡት። ጠርሙሶቹን ሂዳያ ከአባቷ የሽቶ ሱቅ አመጣች። እስከዚህ ድረስ ንጹሕ ሥራ ነበር። ችግሩ ለዞኑ የሳይንስ ውድድር ባዘጋጁት ፖስተር ላይ «ውጤት» የሚል ሣጥን መኖሩ ነው። እነሱ ደግሞ ውጤት የሚባል ነገር አልነበራቸውም።

ያላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። የጃለኔ አባት ወፍጮ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቶ ሳንባው ታሟል። ሐኪሞቹ «ሥር የሰደደ ነው፤ ጨርሶ አይድንም፣ በመድኃኒት ግን ይያዛል» ብለውት የሚሳብ መድኃኒት፣ ፓፍ፣ ሰጥተውታል፤ ያኔ በአፉ እየሳበ ነበር የሚውለው። ጃለኔ ዘይቱን በእንፋሎት ሦስት ቀን ሞከረችለት። በመጀመሪያው ቀን «አፍንጫዬን ከፈተልኝ!» አለ። በሁለተኛው ቀን ሳል አላስቀምጥ አለው። በሦስተኛው ቀን «ዛሬስ ይቅርብኝ ልጄ» ብሎ ተወው። ይኸው ነው።

«ይሄን እንጽፋለን እንዴ?» አለች ጃለኔ፣ በምሳ ሰዓት ፖስተሩ ላይ ተደፍተው ሳሉ።

«ኧረ ሼም ነው! አንድ ሰው? ሦስት ቀን? ሃያ ሰው በይው። ሠላሳ ቀን።»

«ፐርሰንቱስ?»

«ሰማንያ። መቶ ካልሽ ይነቁብሻል» ብላ ሂዳያ ሳቀች። «ፈታ በይ! ማን ቆጥሮ ነው?»

ጃለኔም ሳቀች። እስክሪብቶውን የያዘችው ግን እሷ ነበረች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ከዞኑ ሁለተኛ ወጡ። አባቷ በደስታ የሚሆነውን አጣ፤ ፖስተሩን ተቀብሎ በገዛ እጁ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ለእሱ አይነበብም። «አንብቢልኝ እስቲ» አላት። እዚያ ላይ መናገር ትችል ነበር! አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ይሄ ነው፦ «ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ላለባቸው ሃያ ሰዎች ለሠላሳ ቀን ተሰጥቶ ሰማንያ ፐርሰንት ተሽሏቸዋል።»

አባቷ ጭንቅላቱን ያዘ።

«እና እኔ በሦስት ቀኔ ተውኩት! እነሱ ሳሉን ችለው ሠላሳ ቀን ዘለቁ፣ እኔ ሦስት ቀን! የትዕግሥት ያለህ!»

በማግሥቱ ሀ ብሎ ጀመረ። አሥራ አንደኛው ቀን እሑድ ነበር። በቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ብድግ ብሎ ወደ ፊት ወጣና ማይኩን ተቀበለ። «ጌታ በልጄ እጅ መድኃኒት ሰጥቶኛል፤ በእምነት ድኛለሁ!» አለ። ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው። ሲወጡ ደግሞ ፓፉን ከኮት ኪሱ አውጥቶ ለአዴ ሲንቄ ሰጣቸው። አዴ ሲንቄ እንደ እሱው በትንፋሽ ሕመም የሚሰቃዩ ጎረቤት ናቸው፤ የእሳቸው ፓፍ ካለቀ ሰንብቷል። «እኔ ድኛለሁ፤ ይሄ ለእርስዎ ይሁን» አላቸው። እንዲህ ያለ ደግ ሰው ነው እንግዲህ። ምናለ ክፉ በሆነ!

ከፎጣው ሥር «ጨምሪ» ያላት ሃያ ሦስተኛው ቀን ዓርብ ነበር። ጃለኔ ትምህርት ቤት እንደደረሰች ቲቸር ሀብተሥላሴን ላብራቶሪ ውስጥ አገኘችውና ሁሉንም ዘረገፈችለት። ቲቸር የያዘውን ጠመኔ በጣቶቹ እያሻሸ ሰማት።

«እኔ ያስተማርኩሽ ዘይት ማውጣት ነው» አለ በመጨረሻ። «ሃያ ሰው ከየት አመጣችሁ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም።»

«ለአባቴ ንገርልኝ ቲቸር። አንተን ይሰማሃል።»

«እኔ ምን ብዬ… የውድድሩ ሰርተፍኬት እኮ በትምህርት ቤቱ ስም ነው።» ሰዓቱን አየ። «አንቺ ብትነግሪው ይሻላል።» እንዲህ ብሎ ወደ ክፍሉ ሄደ።

ከትምህርት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሲስተር ልዩ ድሮ አባቷን ፓፍ አሳሳብ ያስተማረችው ነርስ ናት። እንደ ቲቸር አልሸሸቻትም፤ አግዳሚው ላይ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ዘይቱ አፍንጫ ይከፍታል፤ የሚሰጠው ቅዝቃዜ ደግሞ በደንብ የተነፈሰ ያስመስለዋል» አለቻት። «የአባትሽ ጣጣ ግን አፍንጫው አይደለም። ውስጥ ያሉት የአየር ቧንቧዎቹ ተጎድተዋል። እንደዚህ ያለ ኃይለኛ ሽታ ሲነካቸው ይቆጣሉ፣ ይኮማተራሉ። ጉንፋን የያዘው ጤነኛ ሰው ቢታጠነው ምንም ላይሆን ይችላል። ለእሱ ግን አደጋ ነው። ያውም ፓፉን አቁሞ! ነገ ይዘሽው ነይ።»

«አይመጣም፣ ሲስተር።»

«እናትሽስ?»

«እህቷ ወልዳ ልታርሳት እንጭኒ ሄዳለች። በስልክ ድኛለሁ ብሎ ነግሯታል፤ እያመሰገነች ነው።»

ሲስተር ልዩ በረጅሙ ተነፈሰች። «እንግዲህ ልብ ብለሽ ስሚኝ። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ወይም እያወራ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ እምቢ ቢልም ሰው ጠርተሽ ታመጪዋለሽ።»

ሰው ጠርተሽ! ማንን ነው የምትጠራው? ጎረቤቱ ሁሉ እልል ብሎለታል እኮ።

ማታ ራት ላይ ሞከረች።

«አባኮ፣ ሲስተር ልዩ ዘይቱ ለአንተ አይሆንም አለች። ፓፉን ከአዴ ሲንቄ ላምጣልህ?»

አባቷ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው። «በጉባኤ ፊት ቆሜ ድኛለሁ ብዬ፣ አሁን ተመልሼ ፓፍ ልሳብ? ጌታን ውሸታም ላድርገው?»

ጌታማ አልዋሸም፤ ውሸታሟ እኔ ነኝ! ከንፈሯ ድረስ መጣ። «አባኮ፣ ያ ፖስተር…» አለች። እሱ ግን ሳሉ ጀምሮት ጠረጴዛውን ጨብጦ ይታገላል። ሳሉ ሲለቀው በእጁ ወደ ግድግዳው ጠቆማት።

«ኢንተለኮ… እስቲ እሷን አንብቢልኝ። ልቤ ይበረታል።»

ኢንተለኮ፣ ልጄ፣ ሲላት አትችልም። አነበበችለት። ከንፈሩ አብሯት ይንቀሳቀሳል፤ ለእንግዳ ሁሉ ሲያስነብባት በቃሉ ይዞታል። ሳህኑን ልታጥብ ጓሮ ስትወጣ ለብቻዋ ምርር ብላ አለቀሰች።

ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ዘዴ ፈለገች። ከጠርሙሱ ዘይቱን ደፍታ ውኃ ሞላችበት፤ ለሽታው ሁለት ጠብታ ብቻ አስቀረች። አባቷ ፎጣውን ገና ከመከናነቡ ገፈፈው።

«ይሄ ምንድን ነው? ሽታው ሞቷል።» ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አዞረና አየው። አልተቆጣትም። «ዘይቱ እንዳያልቅብኝ ሰስተሽልኝ ነው አይደል? የኔ ልጅ! ግድ የለም፣ ለዚህ ነው ሂዳያን ሌላ ያስመጣኋት።» ከቁም ሣጥኑ ሙሉ ጠርሙስ አወጣ። ጃለኔ በውሸት ላይ ውሸት ጨመረች፣ እሱ ፍቅር ነው ብሎ ተቀበላት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። «ትንሽ ደክሞኝ ነው» ብሎ ወንበሩ ላይ ቀረ። ከወንበሩ ተነስቶ በር ድረስ ሄዶ ሲመለስ ግድግዳውን ይዞ ነው።

ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ኦቦ ጉዩና አዴ ሲንቄ ሊጠይቁት መጡ።

«አከም ጅርቱ? ምነው ኤጄታ፣ ዛሬ አጣንህ!» አሉት አባቷን ኦቦ ጉዩ ባርኔጣቸውን እያወለቁ።

«ደኅና… ነኝ። ትንሽ… ድካም…» ትንፋሹ አጠረውና ቀሪውን በእጁ ጨረሰው። ጃለኔ ከንፈሩን አየች። ጠቁሯል። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም። ሲስተር ልዩ ያለችው አንድ በአንድ እየመጣ ነው። እንግዶቹ ግን ድካም ነው ብለው አልፈውታል፤ ድኗል አይደል!

አዴ ሲንቄ የጃለኔን እጅ ሳብ አደረጉ። «ነይ እስቲ አንቺ የተባረክሽ። ለእኔም አንዷን ጠርሙስ ስጪኝ። እኔስ ምን እምነት ጎደለኝ? ከዛሬ ጀምሮ ፓፉን እተወዋለሁ።»

«መጀመሪያ… አን…ብቢላቸው» አለ አባቷ። ፊቱ በላብ ወርዝቷል፤ ዓይኑ ግን ያበራል።

ጃለኔ ፖስተሩ ፊት ቆመች። የራሷ የእጅ ጽሑፍ፣ የራሷ ሰማያዊ እስክሪብቶ። ማንም አያውቅባትም እኮ! አሁንም እንደ ሁልጊዜው አንብባ ዞር ማለት ትችላለች። ከኋላዋ ያ ትንፋሽ ሲር ሲር ይላል።

«አንድ ሰው ላይ ተሞከረ» ብላ ጀመረች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «ለሦስት ቀን። በመጀመሪያው ቀን አፍንጫውን ከፈተለት። በሁለተኛው ቀን ሳል አላስቀምጥ አለው። በሦስተኛው ቀን ሰውዬው ይቅርብኝ ብሎ ተወው።»

አባቷ ከወንበሩ ቀና ለማለት ሞከረ።

«እንደዚያ… አይልም» አለ አባቷ።

«አይልም፣ አባኮ።» ዞረች። «የሚለው ውሸት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሃያ ሰው የለም። ያለኸው አንተ ብቻ ነህ።»

አባቷ አላያትም። ግድግዳውን ነው የሚያየው፤ የማያነባቸውን ፊደላት አንድ በአንድ። እንዲጮህባት ለመነች በልቧ፤ እንዲመታት እንኳ። ለመጮህም ለመምታትም ትንፋሽ የለውም። ኦቦ ጉዩ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዞራሉ። አዴ ሲንቄ ቀስ ብለው ከቦርሳቸው ፓፉን አወጡ፣ አፉን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

አባቷ እጁን አልሰደደም።

«አባቴን ጤና ጣቢያ ማድረስ አለብን» አለች ጃለኔ። «አሁን። እባክዎ ኦቦ ጉዩ፣ ባጃጅ ይጥሩልኝ።»

ሽማግሌው አንዴ አባትየውን፣ አንዴ ልጅቷን አዩና ወጡ። ጃለኔ ፓፉን አነሳች፣ ክዳኑን ከፈተች፣ ሲስተር ልዩ ድሮ ስታስተምረው እንዳየችው ነቀነቀችው። ከአባቷ ፊት ተንበርክካ ወደ አፉ አስጠጋችለት።

«መጀመሪያ አየሩን አስወጣ፣ አባኮ። ከዚያ እኔ ስጫነው ትስበዋለህ።»

አፉን አልከፈተም። ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ አሁንም ከግድግዳው ላይ አልነቀለውም። ክንዷ ዛለ፤ በሌላኛው እጇ ደገፈችው። ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ሲነፋ፣ ፓፉ አሁንም ከአባቷ ከንፈር ሥር፣ እዚያው ያስጠጋችበት ቦታ ነበር።