ዘጠኝ ኪሎ ሜትር በፕላስተር ላይ

ባለጋራዡ በነጩ ሚኒባስና በግድግዳው መካከል ተጨፍልቀው ሞተው ተገኙ። መርማሪው ሲደርስ አስከሬኑ ተነሥቷል። በሟች ልጅ ፊት ግን «በሥራዬ ቸልተኝነት አባቴ ሞቷል» የሚል ወረቀት ተዘርግቶ ፊርማ ይጠብቃል። ልጂቱ የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን ናት፤ ሚኒባሱን ትናንት የጠገነችው እሷ ነበረች።

«አልፈርምም!» አለች፣ ዓይኖቿ በልቅሶ ቀልተው። «አባቴን ቀብሬ ባልሠራሁት ልታሰር?»

«ፈርሚና ይቅለልልሽ፣ ልጄ» አሉ የሟች ወንድም። «ባለማወቅ ነው ይባላል። ጋራዡንም ሸጠን እንገላገላለን።»

«ጋሼ፣ እጄን ቢቆርጡት አልፈርምም።»

መርማሪው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ዋናው መካኒክ ዞረ። ሰውየው የሞተርን በሽታ በማዳመጥ ብቻ አውቃለሁ ስለሚል «ጆሮ» ይሉታል። በሃያ ዓመት ውስጥ ያ ጆሮ ያልሰማው ነገር ቢኖር የሰው ምክር ብቻ ነው።

«ምን ተፈጠረ?»

«እሷ ጠዋት ዕቃ ልትገዛ ወጥታ ነበር። አባቷ ከፊት ለፊት እንደቆሙ መኪናው ያለ ቁልፍ ተነሥቶ ዘለለባቸው። ሞተር የሚያስነሣው የሞተሪኖው ሽቦ ተልጧል፤ ማርሽ ውስጥም ነበር። በዚያ የብልሽት ኮድ የሚያነብ ስካነር በምትለው መጫወቻዋ ጉድ ሠራችን!»

«እርስዎ ስካነሩን ይጠቀሙበታል?»

«እኔ? በሕይወቴ ነክቼው አላውቅም! ለምን ብዬ? ይኸው፣ ሽቦው ተልጦ እንኳ አንድ ኮድ አልያዘም።»

መርማሪው «እህ» አለና ሚኒባሱ ውስጥ ገባ። የሬዲዮው ሰዓት ከእጅ ሰዓቱ ጋር እኩል ነው። የፊት መስታወቱ ላይ ጽሑፍ ያለበት ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ልማዴ ነው» አለች ልጂቱ። «ያገኘሁትን የብልሽት ኮድ ጽፌ ከመኪናው ኮምፒውተር አጠፋዋለሁ። ከዚያ ተመልሶ እንዳይመጣ መኪናውን ነድቼ አያለሁ። ይሄን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነዳሁት። ጽፌ ፈረምኩበት።»

መርማሪው ሁሉንም ሚኒባሱ ዙሪያ ሰበሰባቸው። ከአደጋው ወዲህ ማንም መኪናውን እንዳልመረመረ ሲነግሩት፣ ልጂቱን ስካነሩን እንድትሰካ አዘዛት።

«ስንት ኮድ አለ?»

«ባዶ ነው» አለች ግራ ገብቷት። «ሽቦው እንዲህ ተልጦማ ባዶ ሊሆን አይችልም!»

«ኮድ ከጠፋ ወዲህስ መኪናው ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ ይላል?»

ማሽኑን ሁለት ጊዜ አየችው። «ዜሮ።»

«አንቺ ካጠፋሽ በኋላ ዘጠኝ ሄዷል። ስለዚህ ካንቺ በኋላ ሌላ ሰው አጥፍቷል።»

«ባትሪው ተነቅሎ ጠፍቶ ይሆናላ!» አሉ አጎት።

«ቢነቀል የሬዲዮው ሰዓት ይዛባ ነበር። በስካነር ነው የጠፋው። እኔ እስክመጣ ማንም አልመረመረውም ብላችሁኛል። ታዲያ ኮድ እንደሌለ አስቀድሞ የነገረኝ አንድ ሰው ነው፤ ማሽኑን በሕይወቱ ነክቶት የማያውቀው!»

ሁሉም ወደ ጆሮ ዞሩ።

«በቁልፍ አስነሥተው ገጯቸው። ሽቦውን የላጡት ከዚያ በኋላ ነው። ማሽኑ ምን እንዳየ ስላላወቁ ፈሩ፤ እሷ ስታጠፋ እንዳዩት ሁሉንም አጠፉት። ባይነኩት ኖሮ የተላጠው ሽቦ ኮድ እሷኑ ያስፈርድባት ነበር።»

«ሃያ ዓመት ለፍቼ ጋራዡን ለእሷ ሊሰጧት!» ብሎ ጮኸ ጆሮ። «ለአንዲት የማሽን ቁልፍ ተጫኚ!»

ከመርማሪው ጋር የመጡት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። አጎቷ ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም።

መርማሪው ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። «ይሄንስ ምን ላድርገው?»

ልጂቱ ፕላስተሩን ከመስታወቱ ላይ ላጠችና በወረቀቱ ጽሑፍ ላይ ለጠፈችው።

«ስለ ሥራዬ ትናንት ፈርሜያለሁ» አለች። «ይሄን መዝገብ ውስጥ ያስገቡልኝ።»